በወለሉ ላይ የተነዛው ዐመድ
(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ቀን ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ)



በዚህ በደስታ ቀን ስለ ልብ ወለድ ታሪክ ልናገር ብነሣ፥ ከመካከላችሁ የሚደነቅ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ነገር ግን ምክንያት አለኝ። በቅርብ ጊዜ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ፥ ስለሚመጣው ዘመን የሚተርክ የባዕድ አገር መጽሐፍ ይዞ መጣና፥ «የኔታ፥ በዚህ መጽሐፍ ሕዝቡን የሚያታልሉት ካህናቱ ናቸው፤ ይህን ማንበብ ኃጢአት ነውን?» ሲል ጠየቀኝ። መጽሐፉን ልነጥቀው እጄን እንደ ዘረጋሁ አልሸሽጋችሁም። ዛሬ ግን እናንተን ምስክር አድርጌ እመልስለታለሁ።

የሳይንስ ልብ ወለድ የሚባለው ድርሰት፥ ገና ያልተሠራውን መሣሪያና ገና ያልደረሰውን ዘመን በሐሳብ እየፈጠረ የሚተርክ ነው። ከደራሲዎቹም ብዙዎቹ የሃይማኖት ሥልጣን ሲበላሽ ምን እንደሚመስል ጽፈዋል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አሜሪካዊው ሮበርት ሃይንላይን በ1940 ባወጣው ታሪክ፥ ነቢይ ነኝ የሚል ሰው አሜሪካን ሲገዛ ያሳያል፤ ሕዝቡም በቴሌቪዥን የሚታየውን ተአምር እያየ ይሰግዳል። በፍጹም ልቡ ያምን የነበረው ወጣት ዘብ፥ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የሚደረገውን ባየ ጊዜ ዐይኑ ይገለጣል። ፍሪትዝ ላይበር ደግሞ በ1943 በጻፈው ታሪክ፥ ካህናት ተብለው የሚፈሩት ሰዎች የሳይንስ ጠበብት ናቸው፤ በራሳቸው ላይ የሚታየው ብርሃን ከመሣሪያ የሚወጣ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በአደባባይ ቆሞ እውነቱን ለሕዝቡ የሚናገረው ከእነዚያው ካህናት አንዱ ነው።

ፍራንክ ኸርበርት በ1965 ባሳተመው «ዱን» በተባለው መጽሐፍ፥ አንድ የሴቶች ማኅበር በሩቅ አገሮች ሐሰተኛ ትንቢት አስቀድሞ ይዘራል፤ ይኸውም ከማኅበርተኞቹ አንዲቱ በተቸገረች ጊዜ መጠጊያ እንድታገኝበት ነው። በኋላም አንድ ስደተኛ ወጣት «የሚጠበቀው እርሱ ነው» ተብሎ ይታመናል፤ በስሙም የሚነሣውን ጦርነት አስቀድሞ እያየ ሊያስቀረው አይችልም። ለጥቅም የተዘራ ሐሰት ዘሪውን ጥሎ ይሄዳልና።

እነዚህ ሁሉ ታሪኮች አንድ ነገር ያሳያሉ። ሐሰተኛ ክህነት ዕውቀትን ይሰውራል፥ ፍርሃትን ይሸጣል፥ ጠያቂም እንዳይኖርበት ይጠነቀቃል። ይህ ነገር ለእኛ አዲስ ነውን? በተረፈ ዳንኤል የቤልን ካህናት ታሪክ እናነባለን። ንጉሡ ጣዖቱ መሥዋዕቱን የሚበላ ይመስለው ነበር፤ ካህናቱ ግን ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር ሌሊት በስውር በር እየገቡ ይበሉት ነበር። ዳንኤል ሰይፍ አልመዘዘም፤ በወለሉ ላይ ዐመድ አስነዛ። በነጋ ጊዜ የእግር ዱካ ተገኘ። ሐሰተኛውን መግለጥ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ፥ አስቀድሞ የሚከሰሰው ዳንኤል ነበር።

ስለ እውነተኛው አገልግሎትም የተጻፈ አለ። ዋልተር ሚለር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ያገለገለ፥ የሞንቴ ካሲኖ ገዳም በ1944 በተደበደበ ጊዜም ከዘመቱት አንዱ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በ1959 ባወጣው ልብ ወለድ፥ ምድር በአቶሚክ እሳት ከጠፋች በኋላ መጻሕፍትን ከቃጠሎ ስለሚያድኑ መነኮሳት ይተርካል። ከእነርሱ አንዱ ትርጓሜውን የማያውቀውን የመሣሪያ ንድፍ ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በብራና ላይ ይገለብጣል። እነዚህ መነኮሳት ያወቁትን ሰውረው አልገዙበትም፤ ያላወቁትን እንኳ ለሚያውቅ ትውልድ አቈዩ። ብራና ፍቀው፥ ቀለም በጥብጠው መጻሕፍትን ያስተላለፉልን አባቶቻችንም ይህን ድካም ያውቁታል።

እንግዲህ ልጄ ሆይ፥ መጽሐፉን አንብብ። ስታነብም ካህን ሁሉ ሐሰተኛ ነው አትበል፤ ካህን ሁሉ አይጠየቅም ብለህም አትመን። እኛ አገልጋዮች ደግሞ ይህን በዓል ስናከብር ዐመዱን አንፍራ። የሙዳየ ምጽዋቱ ገንዘብ በምእመናን ፊት ይቈጠር፤ የምንቀድሰውና የምንዘምረው ለሕዝቡ ይተርጐም፤ የሚጠይቀን ልጅ አይገሠጽ። ወለላችን ላይ ዐመድ ቢነዛ፥ በነጋ ጊዜ የሚገኘው ዱካ በፊት ለፊት በር ለጸሎት የገባ ሰው ዱካ ብቻ ይሁን።

ለሚመጣው ኢዮቤልዩ በሰላም ያድርሰን፤ አሜን።