«ዛሬን አልጠጣም» ስለ ማለት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



እንዲህ ባለው የደስታ ቀን ስለ መጠጥ ሱስ መናገር የማይገባ ይመስል ይኾናል። ነገር ግን ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚታገል ሰው ከኹሉ ይልቅ የሚፈተነው በበዓል ቀን ነውና፥ ስለ እርሱ ለመናገር ከዛሬ የተሻለ ቀን አላገኘሁም።

ባለ 12 ደረጃ የሚባለው የመዳን መንገድ የተጀመረው በአሜሪካ፥ አክሮን በተባለች የኦሃዮ ከተማ ነው። በ1927 ዓ.ም. ግንቦት ወር ቢል ዊልሰን የተባለ የአክሲዮን ነጋዴ ለንግድ ጉዳይ ወደዚያ ሄዶ ነገሩ ሳይሳካለት ቀረ። መጠጥ ከተወ ገና ጥቂት ወራት ኾኖት ስለ ነበር፥ ተመልሶ እንዳይጠጣ ፈራ፤ ስለዚህ እንደ እርሱ በመጠጥ የሚሠቃይ ሰው ፈልጎ አነጋገረ። ያም ሰው ዶክተር ሮበርት ስሚዝ የተባለ ቀዶ ሐኪም ነበረ። ኋላ የተመሠረተው ማኅበር ልደቱን የሚቆጥረው ስሚዝ መጠጥ ከተወበት ከሰኔ 3 ቀን 1927 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። 12ቱ ደረጃዎችም በ1931 ዓ.ም. በመጽሐፍ ታተሙ። አባል ለመኾን የሚጠየቀው መጠጥን ለመተው መፈለግ ብቻ ነው፤ የግዴታ መዋጮ የለም፤ አባሎቹም በጋዜጣ ሙሉ ስማቸውን አይገልጹም። በ2012 ዓ.ም. የወጣ አንድ የምርምር ግምገማ ከ10,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ጥናቶች መርምሮ፥ ይህ መንገድ ፈጽሞ ከመጠጥ ለመራቅ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች እንደማያንስ፥ እንዲያውም እንደሚበልጥ አሳይቷል።

እንግዲህ ይህ ነገር ለመካነ ሰላምና ለቦረና ሰው ምን ይጠቅመዋል? ደረጃዎቹን አንድ በአንድ ብንመለከታቸው ለአገራችን እንግዳ አለመኾናቸውን እንረዳለን። የመጀመሪያው «መጠጥ አሸንፎኛል» ብሎ ማመን ነው፤ አባቶቻችንም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ኹለተኛውና ሦስተኛው ከራስ በሚበልጥ ኀይል አምኖ ራስን ለፈጣሪ አደራ መስጠት ነው፤ ይህን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያውቀዋል። አራተኛውና አምስተኛው የሠሩትን በደል መርምሮ ለፈጣሪና ለአንድ ለታመነ ሰው ሳይሸሽጉ መናገር ነው፤ የንስሐ አባት ያለው ሰው ይህን በር ዱሮውኑ ያውቀዋል። በስድስተኛውና በሰባተኛው ሰው ጉድለቱ እንዲነሣለት ይዘጋጃል፥ ፈጣሪንም ይለምናል።

ስምንተኛውና ዘጠነኛው የበደሉትን ሰው ኹሉ ቆጥሮ መካስ ነው። እኛ ሽማግሌ ይዘን ለዕርቅ የምንሄደው ለዚሁ አይደለምን? በሬውን ሸጦ የጠጣ አባት «ይቅር በሉኝ» በማለት ብቻ አይካስም፤ ሠርቶ፥ ቆጥቦ፥ በጥቂት በጥቂቱ መመለስ አለበት። ካሳው ሌላውን ሰው የሚጐዳ ሲኾን ግን ይተወዋል። ዐሥረኛው በየቀኑ ራስን መቈጣጠር፥ ዐሥራ አንደኛው ጸሎትና ጽሞና፥ ዐሥራ ኹለተኛው ደግሞ ሌላውን ችግረኛ መርዳት ነው። ዊልሰን የዳነው ሌላውን ለማዳን ሲጥር ነውና።

በአንድ ነገር ግን ከእኛ ልማድ ይለያል። እኛ ዘንድ ሰው መጠጥ ሲተው ብዙ ጊዜ ለዓመት ወይም ለዕድሜ ልክ ይምላል። መሐላው የፈረሰ ቀን ዕፍረቱ ራሱ ወደ አረቄ ቤት ይመልሰዋል። ባለ 12 ደረጃው ሰው ግን ጠዋት ሲነሣ «ዛሬን አልጠጣም» ይላል፤ ነገን ለነገ ይተወዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፥ ቀኑ ወር፥ ወሩም ዓመት ይኾናል።

የዚያ ሰው ቀን ግን ቀላል አይደለም። ደቦ ሲወጣ ጠላ ይቀርብለታል፤ ማኅበር ሲገባ ይቀዳለታል፤ እንቢ ሲል «በሞቴ፥ አንድ ብቻ!» ይባላል። ይህን የምንለው ከፍቅር ነው፤ ዳሩ ግን ለሱሰኛ ያች አንዲት ብርሌ የውድቀት መጀመሪያ ናት። እርሱን ከማኅበር ማስቀረትም መፍትሔ አይኾንም፤ ብቸኝነት ወደ መጠጥ ይመልሰዋልና። ስለዚህ ያልፈላ ብርዝ ወይም ውሃ አቅርበንለት በመካከላችን እናስቀምጠው፤ አንዴ «አይ» ካለ ኹለተኛ አንለምነው።

አንድ ነገር ግን አስጠነቅቃለሁ። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም እጁ ሊንቀጠቀጥ፥ ሊቃዥ፥ እስከ ሞት የሚያደርስ መንፈራገጥም ሊይዘው ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ብቻውን አይተው፤ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ጠበልም ጸሎትም ከሕክምና ጋራ አብረው ይሄዳሉ።

ጓደኞቼ ሆይ፥ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ኾኖም ከእኛ መካከል ደብተሩ የተገዛው እናቱ ባወጣችው አረቄ የኾነ ተማሪ አለ። ጌሾ ወቅጣ፥ ጭስ ጠጥታ ልጅዋን ያስተማረች እናት ነቀፋ አይገባትም፤ የሚገባት ሌላ የእንጀራ መንገድ ነው። ይህን መንገድ የመፈለግ ዕዳ በተማርነው ላይ ነው። እስከዚያው ግን እያንዳንዳችን ልናደርገው የምንችለው አንድ ነገር አለ፤ ዛሬ በዚህ ግብዣ ላይ አጠገባችን ያለ ሰው «አልጠጣም» ቢል፥ ምክንያቱን ሳንጠይቅ ውሃ እንቅዳለት።