በዘገየችው እናት እርምጃ
የጉዞ ኮሚቴው ለአባላት ጠቅላላ ስብሰባ ያቀረበው ንግግር



ባለፈው ስብሰባ የማሳዳውን ጉዞ አጥንተን እንድንቀርብ አደራ ሰጥታችሁን ነበር። ያጠናነው እነሆ። ሲግድን ካከበርን ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ከሰዓት በአውቶቡስ ተነሥተን ከአምባው ሥር እናድራለን። ዓርብ ጎህ ሳይቀድ በእግር እንወጣለን፤ ሰንበት ሳይገባ ሁላችንም በየቤታችን እንሆናለን።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። ማሳዳ በይሁዳ በረሃ ጫፍ፣ ከሙት ባሕር በስተምዕራብ ለብቻዋ የቆመች አምባ ናት። ከጎንደር ወይም ከትግራይ ለመጣ ሰው አምባ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ዙሪያዋ ገደል፣ አናቷ ሜዳ ነው። ከ2,000 ዓመት በፊት ንጉሥ ሄሮድስ ግንብ፣ ቤተ መንግሥት፣ ጎተራና የውሃ ጉድጓድ አሠራባት። በጎኗ ከተፈለፈሉት ውስጥ 12ቱ ትልልቅ ጉድጓዶች ብቻ 40,000 ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ይይዙ ነበር። ውሃው ከዚያ ወደ አናቷ የሚጋዘው በሰውና በእንስሳ ጀርባ ነበር። ከወንዝ ቀድታ፣ እንስራ አዝላ ዳገት የወጣች ሴት ይህን ድካም ታውቀዋለች።

ኢየሩሳሌም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ70 ከወደቀች በኋላ በዚህች አምባ የቀሩት አይሁዶች ሮማውያንን እንቢ አሉ። የሮማ ጦር ስምንት ሰፈር ሠርቶ፣ በዙሪያዋ 4 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ግንብ አጥሮ ከበባት። በምዕራብ በኩል የአፈርና የድንጋይ ድልድል ከምሮ በ73 ወይም በ74 ቅጥሯን ሰበረ። የታሪክ ጸሐፊው ዮሴፉስ እንደሚለው፣ በውስጧ የነበሩት 960 ሰዎች ከመማረክ ይልቅ በገዛ እጃቸው መሞትን መረጡ። ነገሩ ሁሉ እንዲሁ ሆኗል ወይ በሚለው ላይ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ይህን ልጆቻችን በትምህርት ቤት ተምረውታል፤ ብዙዎቹም ወጥተው አይተዋታል። እኛ ልናነሣ የምንፈልገው ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፈውን ነው። ዮሴፉስ ራሱ እንደጻፈው፣ በዚያች ሌሊት ሁለት ሴቶች አምስት ሕፃናትን ይዘው በውሃ መሄጃው ዋሻ ውስጥ ተሸሸጉ። አንዷ አሮጊት ነበረች። ሁለተኛዋ የመሪው የአልዓዛር ዘመድ ስትሆን፣ በማስተዋልና በትምህርት ከብዙዎች የምትበልጥ ነበረች። በማግሥቱ ሮማውያን ሲገቡ ሴቶቹ ወጡ፤ የተባለውንና የተደረገውንም አንድ በአንድ ተናገሩ።

አንዲት አሮጊት፣ አንዲት የተማረች ሴት፣ አምስት ሕፃናት። እስቲ በዚህ አዳራሽ ዙሪያችሁን ተመልከቱ፤ እኛም እንደዚሁ ነን።

እናቶቻችን ሌሊት መሄድን ማንም አያስተምራቸውም። ቀን ተደብቀው፣ ሌሊት ተጉዘው፣ ልጅ አዝለው ሱዳን ገብተዋል። በ1984 እና በ1985 መካከል በሙሴ ዘመቻ የመጡት አሉ፤ ከዚያ በፊትና በኋላ የመጡም አሉ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች 4,000 ያህል ወገኖቻችን እንደሞቱ ይገመታል። በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱም በኢየሩሳሌም ቀን እናስባቸዋለን። ነገር ግን ማን ማንን እንዳዘለ፣ ስንቁ ሲያልቅ ምን እንደተበላ፣ የሞተው ሕፃን በየትኛው ዛፍ ሥር እንደተቀበረ የሚታወቀው በእናቶቻችን ልብ ውስጥ ብቻ ነው። ልጆች የሚጠይቁበት ቋንቋ አነሳቸው፤ እናቶች ደግሞ «ልጄን ለምን አስለቅሳለሁ» ብለው ዝም አሉ። በየዓመቱም ከመካከላችን አንዲት፣ ሁለት እናቶችን እንቀብራለን። የያዙት ታሪክ አብሯቸው ይቀበራል።

ጉዞውን ያሰብነው ለዚህ ነው። ሐሙስ ማታ ከእራት በኋላ፣ ቡና ተፈልቶ፣ መናገር የምትፈልግ እናት ትናገራለች፤ ፈቃዷ ከሆነ ድምፅዋ ይቀዳል። ማንም አትገደድም። «እኔ አላወራም» ያለች እናት ዝምታዋ ይከበራል፤ ለምን ተብላም አትጠየቅም። አብራን መሆኗ ይበቃል።

አሁን ወደ አወጣጡ። በምሥራቅ በኩል ያለው የእባብ መንገድ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ 350 ሜትር ያህል ሽቅብ ያስወጣል። አንድም ጥላ የለውም። በበጋ ሙቀቱ ስለሚበረታ መንገዱን ማለዳ የሚዘጉበት ቀን አለ። በክረምት ደግሞ ዝናብ ሲጥል በበረሃው ደረቅ ወንዞች ድንገተኛ ጎርፍ ይወርዳል። የመረጥነው ወቅት ከሁለቱም የተሻለ ነው። ቢሆንም እስከ ረቡዕ ማታ የአየር ትንበያውን እናያለን፤ ዝናብ ካለ ጉዞው ወደሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፋል። በዚህ ክርክር የለም። አናቷ ላይ ማደር ስለማይፈቀድ የምናድረው ከሥሯ ባለው የእንግዳ ማረፊያ ነው።

ኮሚቴውን ያከራከረው ሌላ ነገር ነው። በሩ የሚከፈተው ፀሐይ ከመውጣቷ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ብርቱ ወጣት በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ አናቷ ላይ ደርሳ፣ ፀሐይ ከሞአብ ተራሮች ጀርባ ስትወጣ ታያለች። ወጣቶቻችን ይህን ይፈልጋሉ፤ ደግሞም ያምራል። ጉልበቷን የሚያማት እናት ግን አንድ ሰዓት ተኩል፣ ምናልባትም ሁለት ሰዓት ያስፈልጋታል። «ወጣቶቹ ይቅደሙ፣ እናቶች ይከተሉ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ ወጣቶቹ ራሳቸው ተዉት። ከፊት የምትሄደው በጣም የምትዘገየው እናት ትሆናለች፤ ሌላው ሁሉ ከኋላዋ ነው። አንዲት እናትና አንዲት ወጣት ጥንድ ሆነው ይሄዳሉ። ፀሐይ መንገድ ላይ ካገኘችን እዚያው ቆመን እናያታለን። ወደ ሱዳን ሲኬድ የደከመ ሰው ወደ ኋላ መቅረቱ ምን ማለት እንደነበር የሚያውቁ ሴቶችን ይዘን፣ ለፀሐይ መውጫ ብለን አንዲቷን ጥለን አንሄድም።

ዳገቱን የማትችል እናት በገመድ በሚሄደው ራከቬል ትወጣለች፤ አንዲት ወጣትም አብራት ትቆያለች። አናቷ ላይ በደቡብ ጫፍ በደረጃ የሚወረድበት ትልቅ የውሃ ጉድጓድ አለ። ሁላችንም እዚያ አፉ ላይ እንሰበሰባለን። ቤተሰቦቻቸው የፈቀዱላቸውን በመንገድ የቀሩ ወገኖቻችን ስም እናነባለን፤ ሽማግሌ እናት ትመርቀናለች። ከወረድን በኋላ በሥሯ ያለውን ሙዚየም እንጎበኛለን። በ1963 እና በ1965 መካከል በተደረገው ቁፋሮ የሴት ሹሩባና ጫማ ተገኝቷል። በአምባዋ እንዝርት ላይ የሚገቡ ክብ ድንጋዮችም ተገኝተዋል፤ በከበባው መካከል እንኳ ሴቶች ይፈትሉ ነበር ማለት ነው።

እያንዳንዷ ተጓዥ የምትይዘው ይህ ነው፦ ሦስት ሊትር ውሃ፣ የማያንሸራትት ሽፍን ጫማ፣ በግንባር የሚታሰር ባትሪ፣ ሹራብ፣ ባርኔጣ፣ የዘወትር መድኃኒቷ። ስንቁን በጋራ እናዘጋጃለን፤ ዳቦ ቆሎ፣ ተምርና ብርቱካን ይበቃል። ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያላችሁ አስቀድማችሁ ከቁፓት ሆሊም ሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ «አትውጪ» ከተባላችሁ ራከቬሉ አለላችሁ። የመጀመሪያ እርዳታ የተማሩ ሁለት አባሎቻችን አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከመጨረሻ ይሆናሉ።

ወጪውን በሚመለከት፣ የአውቶቡሱን፣ የማደሪያውንና የመግቢያውን ክፍያ በየወሩ እያዋጣን ራሳችን እንሸፍናለን። መክፈል የማትችል አባል ለገንዘብ ያዥዋ ብቻ ትንገራት፤ ነገሩ ከዚያ አይወጣም። ወዳጆቻችን ለጋሾች፣ ከእናንተ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የሚቀዳው የእናቶቻችን ቃል በአማርኛና በትግርኛ እንዲጻፍ፣ ወደ ዕብራይስጥም እንዲተረጎም እርዱን። የልጅ ልጆቻችን የሚያነቡት ያንን ነው።

የሁለቱን የማሳዳ ሴቶች ስም ዮሴፉስ አልጻፈውም። የእናቶቻችንን ስም ግን እኛ እንጽፋለን። መዝገቡ በበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከመውጣታችሁ በፊት ከእነ ጥንዳችሁ ተመዝገቡ። ጥንድ የሌላት እናት ካለች እኛ እናገናኛታለን።

እግዚአብሔር በሰላም ወስዶ በሰላም ይመልሰን።