ነፃ የተባለው ዳቦ ስውር ታክስ
(በአቦምሳ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



እንድናገር የታዘዝኩት፣ ለኑሮ መሠረታዊ የሆኑ ሸቀጦች በሽያጭ ላይ ከሚጣል ታክስ ነፃ ሊሆኑ ይገባልን? በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። እንደሚታወቀው በ1985 ዓ.ም. የታወጀው የሽያጭ ታክስ፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተጨማሪ እሴት ታክስ ተተክቷል። መጣኔው 15 በመቶ ሲሆን፣ እህል፣ እንጀራ፣ ዳቦና ወተት ግን ከታክሱ ውጭ እንዲሆኑ ተደረገ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ታክሱ የሚታሰበው በገቢ ላይ ሳይሆን በወጪ ላይ ስለሆነ፣ ያገኘውን ሁሉ ለቀለብ የሚያውል የቀን ሠራተኛ ከገቢው የሚከፍለው ድርሻ፣ ከሚያጠራቅመው ባለሀብት ድርሻ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ «ነፃ» የሚለው ቃል ሊያዘናጋን አይገባም። አንድ ዳቦ ጋጋሪ የ100,000 ብር ምድጃ ቢገዛ 15,000 ብር ታክስ ይከፍላል። ለታክሱ የተመዘገበ ብስኩት አምራች ይህንኑ የግብዓት ታክስ ከሽያጩ ላይ ከሰበሰበው ያቀናንሳል። ዳቦ ጋጋሪው ግን ሽያጩ ነፃ ስለሆነ ማቀናነስ አይፈቀድለትም። ታዲያ 15,000 ብሩ ወዴት ይሄዳል? ቀስ በቀስ ወደ ዳቦው ዋጋ ይገባል። በደረሰኙ ላይ ባይታይም፣ ገዢው ይከፍለዋል። እንግሊዞች አብዛኛውን ምግብ ነፃ በማለት ፈንታ በዜሮ መጣኔ ስለሚያስተናግዱት፣ ሻጩ የግብዓት ታክሱ ይመለስለታል። ይህ ግን በቂ ገንዘብና ጥብቅ ቁጥጥር ይጠይቃል።

ሁለተኛው ችግር የወሰን ነው። ከአቦምሳ ዝቅ ብሎ በአዋሽ ሸለቆ የሚለማው ቲማቲም በጉልት ሲሸጥ ታክስ አይታሰብበትም፤ በፋብሪካ ድልህ ሆኖ ሲታሸግ ግን ይታሰብበታል። መሠረታዊው የቱ ነው? ሦስተኛው ደግሞ፣ ነፃ የሆነውን ዳቦ ሀብታሙም መብላቱ ነው።

በአዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 መሠረት፣ ለመብራትና ለውሃ ሌላ መንገድ ተይዟል። የመኖሪያ ቤት ፍጆታ በወር እስከ 200 ኪሎ ዋት ሰዓትና እስከ 15 ሜትር ኩብ ነፃ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው ታክስ ይከፈልበታል። ይህ የሚደነቅ ዘዴ ነው፤ ችግረኛውን ከባለጸጋው የሚለየው የፍጆታው መጠን ነውና። ዳቦ ግን ቆጣሪ የለውም።

ዴንማርክ ምግብን ሳትለይ 25 በመቶ ታስከፍላለች፤ ችግረኛውን የምትደግፈው በቀጥታ ክፍያ ነው። እኛም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሴፍቲኔት ፕሮግራም ቢኖረንም፣ እያንዳንዱን የቀን ሠራተኛ አይደርስም። ድጋፉ ሳይደርሰው ታክሱ ቢደርሰው፣ የሚጎድለው ከልጆቹ ገበታ ላይ ነው።

ስለሆነም አቋሜ ይህ ነው። የዕለት ምግብ ነፃነት ይጠበቅ፤ ዝርዝሩ አጭርና የማያሻማ ይሁን፤ የዳቦ ጋጋሪውና የወፍጮ ቤቱ የግብዓት ታክስም መላ ይፈለግለት። የእኛ የሙያ ድርሻ ስውሩን ታክስ አስልቶ ማሳየት ነው። የደንበኞቻችንን መዝገብ ስንዘጋ፣ ሊቀናነስ ያልቻለውን ታክስ ከወጪው ውስጥ ለይተን እናስፍር። ያልተቆጠረ ሸክም አይቃለልምና።