ስለ ሳንባ ካንሰር ምርመራና ስለ ጂን ጥናት
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዘንድሮ ከተቀመጥንባቸው ለቅሶዎች በአንዱ፣ የሟች ልጅ ወደ ጎን ጠርታን «ይሄ የአባባ በሽታ በዘራችን አለ ማለት ነው?» ስትል በሹክሹክታ ጠየቀችን። ያን ዕለት የሚረባ መልስ አልሰጠናትም።

በቅድሚያ አንድ ነገር እናጥራ። በአገራችን «የሳንባ ነቀርሳ» የሚባለው ቲቢ ነው፤ እሱ ተላላፊ ነው፣ በመድኃኒትም ይድናል። እኛ የምንናገረው ስለ ሳንባ ካንሰር ነው። በስም መመሳሰል ብቻ የታማሚውን ኩባያ የሚለዩ አሉ፤ ካንሰር እኮ በኩባያ አይተላለፍም!

ካንሰር የሚነሳው የሴል ጂን ሲበላሽ ነው። ብልሽቱም በአብዛኛው ከወላጅ የተወረሰ ሳይሆን፣ በትምባሆ ጭስና በመሳሰለው ምክንያት እዚያው ሳንባው ላይ በዕድሜ ብዛት የሚደርስ ነው። ሲጋራ ነክቶ የማያውቅም ይታመማል። የቅርብ ዘመድ ታሞ ከነበረ ግን ለሐኪም መንገር ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ከ53 ሺህ በላይ የሚያጨሱና ማጨስ የተዉ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። በአነስተኛ ጨረር ሲቲ ስካን በተመረመሩት ዘንድ በሳንባ ካንሰር የሚደርሰው ሞት፣ በተራ ራጅ ከታዩት በ20 በመቶ አነሰ። ነገር ግን አጠራጣሪ ከተባሉት 100 ውጤቶች 96 ያህሉ ካንሰር አልነበሩም። ታዲያ ነጠብጣብ ታየ ሲባል ድንኳን እንጣል ማለት አይደለም።

ካንሰር ከሆኑትም ውስጥ አንዳንዱ ዝግ ይላል፣ አንዳንዱ ይጋልባል። በፎቶ ብቻ መለየቱ ያስቸግራል። የጂን ተመራማሪዎች የገቡት እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ትሬሰር ኤክስ የተባለው ጥናት በቀዶ ሕክምና ከወጣ እጢ ከተለያየ ቦታው ናሙና ወስዶ ሲያነብ፣ የአንድ እጢ ሴሎች እንኳ እርስ በርስ ተለያይተው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ውጤትም፣ በክሮሞሶም ረገድ መለያየቱ የበዛበት እጢ የማገርሸት አደጋው ከፍ ያለ ሆነ።

በምንኖርበት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው መመሪያ፣ ዕድሜው ከ50 እስከ 80 የሆነ፣ ለ20 ዓመት በቀን አንድ ፓኮ ወይም ተመጣጣኙን ያጨሰ፣ አሁንም የሚያጨስ ወይም ከተወ 15 ዓመት ያልሞላው ሰው በየዓመቱ ሲቲ ስካን እንዲነሣ ይመክራል። ይህ ቁጥር የሚመለከታቸው በዚህ አዳራሽ አሉ። ለባለቤታችሁ «ትቻለሁ» ያላችሁ፣ ቢያንስ ለሐኪሙ እውነቱን ንገሩት።

ልጅቱን ባለፈው ቅዳሜ ቤቷ ሄደን ይህንኑ ነገርናት። «ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አላችሁ?» አለችን።