ፍጹም ድህነት በቶሮንቶ



ሶሲዮሎጂ ሁለት ዓይነት ድህነትን ይለያል። ሰው በሕይወትና በጤና ለመቆየት የግድ የሚያስፈልገውን ሲያጣ ፍጹም ድህነት ይባላል፤ የሚኖርበት ኅብረተሰብ እንደ ተራ ከሚቆጥረው ኑሮ ሲጎድል ደግሞ አንጻራዊ ድህነት። እዚህ ካናዳ ስንኖር የመጀመሪያውን አገር ቤት ትተነው የመጣን ይመስለናል። እኔ ግን እዚሁ ከእኛ ጋር አለ እላለሁ።

ጽንሰ ሐሳቡ የተወለደውም በሀብታም አገር ነው። ሲቦህም ራውንትሪ እ.ኤ.አ. በ1899 በእንግሊዟ ዮርክ የሠራተኛ ቤተሰቦችን ኑሮ አስጠና፤ በ1901 ባሳተመው መጽሐፍም አካልን ለማቆየት ብቻ የሚበቃውን የምግብ፣ የልብስና የኪራይ ወጪ አስልቶ የድህነት ወለል አወጣ። በዚያ ስሌት ርቆ ለሄደ ልጅ ደብዳቤ መላኪያ እንኳ አልተያዘም። ልጆቻችንን፣ ወላጆቻችንን በስልክ ብቻ ለምናገኝ ለእኛ፣ ወለሉ ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚነግረን የለም።

ዓለም ባንክ ደግሞ የራሱን የድህነት ወለል ከ2025 ጀምሮ በቀን 3 ዶላር አድርጎታል። በዚህ ከለካን ቶሮንቶ ውስጥ ድሃ የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን የኢኮኖሚ ታሪክ ሊቁ ሮበርት አለን በ2017 እንዳስረዳው፣ ብርድ ባለበት አገር ማሞቂያ፣ ወፍራም ልብስና ነፋስ የማያስገባ ቤት እንደ እህል ሁሉ የግድ ናቸው። ፍላጎቱ የትም አንድ ነው፤ በሕይወት መቆየት። ዋጋው ግን በየአገሩ ይለያያል፤ በቶሮንቶ ጥር ደጅ ላይ ማደር ሕይወት ያስከፍላል።

በ1995 ኮፐንሃገን ላይ የተሰበሰቡት መንግሥታት ከዚህ አንድ እርምጃ አልፈው ሄደዋል። ፍጹም ድህነትን የምግብ፣ የንጹሕ ውሃ፣ የመጸዳጃ፣ የጤና፣ የመጠለያ፣ የትምህርትና የመረጃ ከባድ እጦት ብለው ሲተረጉሙት፣ ከገቢ በተጨማሪ አገልግሎት በማግኘትና ባለማግኘት እንደሚወሰን ጽፈዋል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት የ2023ቱን በጋ በቶሮንቶ አስታውሱ። የከተማው አስተዳደር ከሰኔ መጀመሪያ አንስቶ አዲስ ጥገኝነት ጠያቂዎችን በመደበኛ መጠለያዎቹ ከመቀበል ይልቅ ወደ ፌዴራል ፕሮግራሞች ይመራ ጀመር። በአብዛኛው ከአፍሪካ የመጡ ወገኖች በፒተር ጎዳና፣ በመጠለያ መቀበያው ደጅ አስፋልት ላይ አደሩ። ያነሷቸው እንደ ሪቫይቫልታይም ታበርናክል ያሉ የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ ምእመናኑ አዳራሻቸውን ማደሪያ አደረጉት። በሐምሌ የፌዴራሉ መንግሥት ለቶሮንቶ 97 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰጥ አስታወቀ። ስለዚህ ገንዘቡ በአገሪቱ ነበረ። ሰዎቹን ውጭ ያሳደራቸው ማን ይክፈል የሚለው ክርክር ነው፤ የኮፐንሃገኑ ትርጉም በትክክል የሚገልጸውም እንዲህ ያለውን አገልግሎት ማጣት ነው። ያን ጊዜ ያዘንኩትን ያህል ዛሬም አዝናለሁ።

ካናዳ በ2018 ይፋዊ የድህነት መስመር አጽድቃለች። የሚሰላው አንድ ቤተሰብ ለምግብ፣ ለልብስ፣ ለቤት፣ ለመጓጓዣና ለመሳሰሉት በሚያወጣው የገበያ ዋጋ ስለሆነ ከዶላሩ ወለል እጅግ ይሻላል። ሆኖም ገቢን የሚጠይቀው ጥናት የሚሄደው ወደ መኖሪያ ቤቶች ነው። ቤት የሌለውን በሩን አንኳኩቶ የሚጠይቀው የለም። ከተማው በ2024 መጸው ባደረገው ቆጠራ ቶሮንቶ ውስጥ ቤት አልባ የሆኑትን 15,418 ብሎ ገምቷቸዋል፤ በየዓመቱ የምንሰማው የድህነት መቶኛ የሚወጣው እነሱ ሳይጠየቁ ነው።