ካርዱ ላይ ያልገባው

(በቀድሞ ተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ሐኪም ሆነሽ ሳለ እንዴት መጻፍ ጀመርሽ? ለሚጀምሩት ንገሪልን» ብለውኛል። እኔም እኮ ገና ጀማሪ ነኝ። ሁለት አጫጭር ልቦለዶች መጽሔት ላይ ወጥተውልኛል፣ አንድ የታሪኮች ረቂቅ ደግሞ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። እሱ ለምን እንደተቀመጠ እነግራችኋለሁ።

ከዚህ ግቢ በጤና መኮንንነት ስንወጣ ገና በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነበርን። ሕክምና የተማርኩት ቆይቶ ነው። መጻፍን ግን የተማርኩት እዚሁ ይመስለኛል። መምህሮቻችን የሕመም ታሪክ አወሳሰድ ሲያስተምሩን «ሰውየው ምን ብሎ መጣ? በራሱ ቃል ጻፉት» ይሉን ነበር። መቼ ጀመረ? ምን ያብሰዋል? ምን ያስታግሰዋል? ቤት ውስጥ ማን አለ? ልቦለድ ጸሐፊም ከዚህ ብዙ የራቀ ጥያቄ የለውም።

ችግሩ ቀጥሎ የምናደርገው ነው። የቡሌው ገበሬ በጌዴኡፋ ይናገራል፣ ነርሷ በአማርኛ ታስተረጉምልናለች፣ እኛ ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ እንጽፋለን። «መጋኛ መታኝ» ያለው ሰው ካርዱ ላይ ሲደርስ ድንገተኛ የጎን ሕመም ሆኖ ቁጭ ይላል። ለሕክምናው በቂ ነው። ግን መጋኛው የት እንዳገኘው፣ ከቡና ለቀማ ሲመለስ ማንን አስቀድሞ ማንን አስከትሎ እንደነበር፣ ለምን ሦስት ቀን ለሚስቱ እንዳልነገራት፣ ያ ሁሉ መንገድ ላይ ይቀራል። እኔ መጻፍ የጀመርኩት ይህን መንገድ ላይ የቀረውን ማታ ማታ ደብተር ላይ በማስፈር ነው። ስም የለም፣ ቀን የለም፣ አንድ ገጽ ብቻ። ተረኛ በሆንኩበት ቀን እሱም የለም።

በነገራችን ላይ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ «ስለ ትክል ድንጋዮቹ ጻፊልን» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ቱቱ ፈላን እወደዋለሁ፤ ድንጋዩን ግን ለአርኪዮሎጂ ሰዎች ትቻለሁ።

«ዘገየሽ» የሚሉኝም አሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ተወልደው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ያውም ዕድሜ ልካቸውን የመንግሥት ሥራ እየሠሩ። አዲስ አበባ ተወልዶ እዚያው ሕክምና የጀመረው ዶክተር አብርሃም ቨርጊስ የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1994 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ወደ አርባ እየተጠጋ ነበር። የሥነ አእምሮ ሐኪሙን የዶክተር ምህረት ደበበን «የተቆለፈበት ቁልፍ» ደግሞ አብዛኞቻችሁ አንብባችሁታል። ስለዚህ ዕድሜና ሙያን ሰበብ አታድርጉብኝ። ገንዘቡ ግን ሰበብ ነው፣ አልዋሽም። አገራችን ውስጥ ጀማሪ ጸሐፊ ብዙውን ጊዜ ማሳተሚያውን የሚከፍለው ከኪሱ ነው፤ የወረቀቱን ዋጋ ሰምቶ ረቂቁን አጥፎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ጓደኛ አለኝ።

አሁን ወደ መሳቢያው ልመለስ። ረቂቁ አሥራ ሁለት ታሪኮች ነበሩት። አንዱ ከአንዲት ሕመምተኛዬ የተነሣ ነው። ምን እንደደረሰባት እዚህም አልናገርም። ያነበቡት ሁሉ «መጽሐፉን የተሸከመው ይሄ ነው» ብለውኛል፤ እኔም አምናለሁ። ስሟን ቀይሬዋለሁ፣ ወረዳዋንም አዛውሬዋለሁ። ግን አገሩን ታውቁታላችሁ፤ ከዲላ እስከ ገደብ ሰው በሰው ላይ ነው የሚኖረው። እሸት ቡና ማጠቢያው ላይ ሦስት ሰው ካነበበው አራተኛው ማን እንደሆነች ይነግራቸዋል።

ስለዚህ ሄድኩ። ያኔ አብራኝ የነበረችው ነርስ በጌዴኡፋ አነበበችላት፣ እኔ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እስከ መጨረሻው ሰማችን። መጀመሪያ ያለችው «ያን ቀን ዝናብ አልነበረም» ነው። እኔ ዝናብ ጨምሬ ነበር፤ ለማሳመር። ቀጥላ «ልጄ፣ እውነት ነው፣ እንዲህ ነው የሆነው። ግን ልጄ እስክታገባ አይውጣ» አለች። ልጇ ገና ተማሪ ናት።

አንድ የማከብረው የአርትዖት ሰው «እሷ እኮ አማርኛ አታነብም፣ አውጪው» ብሎኛል። ልጇ ታነባለች። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የጻፍኩት ጽሑፍ የእኔ ነው፣ በሕይወት እስካለሁ ከዚያም በኋላ 50 ዓመት። የነገረችኝን የነገረችኝ ግን ለደራሲ አልነበረም፤ አልጋ ላይ ተኝታ ለሐኪሟ ነው። ነርሷ ማስታገሻ ልታመጣ በወጣችበት ሰዓት። ይህን ልዩነት አዋጁ አይፈታልኝም። ታሪኩን አወጣሁት።

አሁን አሥራ አንድ ታሪክ ያለው፣ መሐሉ የጎደለ ረቂቅ አለኝ። በዚህ ዓመት ይታተማል ብዬ ለቤተሰቤ ተናግሬ ነበር፤ አይታተምም። እንደ እኔ በሙያው በኩል ወደ ድርሰት ለምትገቡ፣ ሐኪምም ሁኑ ጠበቃ ወይ መምህር፣ ይሄ ቀን ይመጣባችኋል። የምመክራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ባለቤቷ ዘንድ ሂዱ። ከታተመ በኋላ መሄድ ይቅርታ መጠየቅ ነው የሚሆነው።

በምትኩ ሌላ እየሞከርኩ ነው። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በ1964 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የወጣውን የመጀመሪያ ልቦለዱን የጻፈው በቻሃ ነበር፤ እንግሊዝኛው የመጣው በትርጉም ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የሕመምተኛ ንግግር በቀጥታ በአማርኛ መጻፍ አቅቶኛል። አሁን መጀመሪያ በጌዴኡፋ እንዳለ አስፍረዋለሁ፣ ከዚያ ነው አማርኛውን የምፈልግለት። ጌዴኡፋዬ ደግሞ የክሊኒክ ጌዴኡፋ ነው፦ «የት ያምሃል፣ መቼ ጀመረህ» እስከሚለው ድረስ ያስኬዳል። ከመምህራኑ መካከል ቋንቋውን የምታስተምሩ ወይም ቤት ውስጥ የምትናገሩት ካላችሁ ከሻይ በኋላ ፈልጉኝ። ሦስት ገጽ ይዤ መጥቻለሁ፤ እስክሪብቶም አለኝ።