የማንቁርት የልደት ጉድለቶች፤ አመዘጋገባቸውና ኮድ አሰጣጣቸው
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



አንዲት እናት የሁለት ሳምንት ልጇን ታቅፋ ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጣ የምትናገረው ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ልጁ ሲተነፍስ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ያሰማል፤ ሲጠባ ትን ይለዋል፤ በጀርባው ሲያስተኙት ይብስበታል፤ በሆዱ ሲሆን ደግሞ ጋብ ይልለታል። ይህ የእናት ቃል ካርዱ ላይ ሲሰፍር ግን «ስትራይደር» ወደምትል አንዲት ቃል ያጥርና ካርዱ ወደ ካርድ ክፍል ይላካል። ኮድ ሰጪው ሠራተኛም ከዚህች ቃል ተነሥቶ ሕፃኑ ምን ይዞ እንደ ተወለደ እንዲናገር ይጠበቅበታል። ሊናገር አይችልም።

ስትራይደር ድምፅ እንጂ ደዌ አይደለም። አየር በጠበበ መተላለፊያ ሲያልፍ የሚፈጠር ድምፅ ሲሆን፣ ጥበቱ ከምን እንደ መጣ ብቻውን አይገልጽም። ይህን ለመለየት የሕክምናው ዓለም ራሱ ጊዜ ወስዶበታል። የማንቁርት ልስላሴ ማለት የሆነውን ላሪንጎማሌሺያ የተባለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1942 ያወጡት አሜሪካዊው ሐኪም ቼቫሊየር ጃክሰንና ልጃቸው ናቸው። ከዚያ በፊት ሕመሙ የሚጠራው በሚያሰማው ድምፅ፣ «የልደት የማንቁርት ስትራይደር» ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የዓለም ጤና ጉባኤ ያጸደቀው ዐሥረኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባም ለዚሁ ድምፅ ከማንቁርት የልደት ጉድለቶች ረድፍ ኪው 31.4 የሚል ቍጥር ሰጥቶት ነበር። በኋላ በተደረገው ማሻሻያ ግን ይህ ቍጥር ተሰረዘ፤ ላሪንጎማሌሺያ ኪው 31.5 ተብሎ ገባ፤ መነሻው ያልተገለጸ የልደት ስትራይደርም ወደ አራስ ልጆች የመተንፈሻ ችግሮች፣ ይኸውም ወደ ፒ 28.8 ተዛወረ። እንግዲህ የቀድሞውን ዝርዝር ይዞ ዛሬም ኪው 31.4 ብሎ የሚጽፍ ሠራተኛ ቢኖር፣ የሚጽፈው ከመደርደሪያው የወረደ ቍጥር ነው።

የረድፉ ሌሎች ክፍሎች ረጅም ሐተታ አይሹም። ኪው 31.0 በማንቁርት ውስጥ፣ አዘውትሮም በድምፅ አውታሮች መካከል የተዘረጋ ስስ ሽፋን ነው፤ 31.2 በሚገባ ሳያድግ የቀረ ማንቁርት፣ 31.3 በአየር የተሞላ ከረጢት ነው። 31.8 ስም እያላቸው የራሳቸው ቍጥር የሌላቸውን ያስጠልላል። 31.9 ያልተገለጸ ጉድለት ማለት ሲሆን፣ ሥራ ሲበዛ እጅ ቶሎ የሚዘረጋው ወደዚሁ ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ዘገባ ላይ ግን በማንቁርቱ አንድ ነገር እንደ ነበረ ከመናገር በቀር የሚያስረዳው የለም።

ዋናው ፈተና ያለው በ31.1፣ ማለትም ከድምፅ አውታሮች በታች በሚገኘው የልደት ጥበት ላይ ነው። በዚያ ስፍራ ያለው ክሪኮይድ የተባለው ልም አጥንት፣ ከአየር መተላለፊያው ክፍሎች ሁሉ ዙሪያው የተዘጋ ብቸኛ ቀለበት ነው። በውስጡ እብጠት ቢነሣ ወደ ውጭ ሊገፋ ስለማይችል መተላለፊያውን ያጠብበዋል። ጥበቱ በማሕፀን ሳለ የተፈጠረ ሊሆን ይችላል፤ ለመተንፈሻ የገባ ቱቦ ካቈሰለው በኋላ ጠባሳው ያመጣውም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ኪው 31.1 ነው፤ ሁለተኛው ጄ 95.5። በመነጽር ለሚያየው ሐኪም ሁለቱ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ በመዝገብ ላይ ግን አንደኛው የተፈጥሮ፣ ሌላው የሕክምና ውጤት ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ወሩን ጨርሶ የተወለደ አንድ ሕፃን ገና በማዋለጃ ክፍል ትንፋሽ አጥሮት ቱቦ ይገባለታል፤ ቱቦውም ሁለት ሳምንት ይቈያል። ሲወጣለት ስትራይደር ይሰማል፤ ሲታይም ጥበት ይገኝበታል። ቱቦው ነው ያጠበበው ወይስ ጥበቱ ነው ቱቦ ያስፈለገው? በተለመደው አሠራር ጥበት የልደት ነው የሚባለው ቀድሞ ቱቦ ያልገባለትና ሌላ ግልጽ ምክንያት የሌለው ልጅ ሲሆን፣ ወሩን በጨረሰ ሕፃን ከ4 ሚሊሜትር ያነሰ መተላለፊያ ጠባብ ተብሎ ይቈጠራል። ይህ ሕፃን ግን ቱቦ ገብቶለታል። እንግዲህ ምስክር የሚሆነው የመጀመሪያው ቀን ማስታወሻ ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለ ሕፃን ዘወትር 3.0 ወይም 3.5 ቍጥር ቱቦ ይገባል። ሐኪሙ «3.5 ተሞከረ፣ አልገባም፤ 3.0 አልገባም፤ 2.5 በችግር ገባ» ብሎ ጽፎ ከሆነ፣ ጥበቱ ከቱቦው በፊት እንደ ነበረ የሚያመለክት ማስረጃ አለ። ሳይጻፍ ከቀረ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠባሳው ሁሉንም ይሸፍነዋል። በውጥረት ሰዓት የሚጻፍ ግማሽ መስመር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እርሱ ነው።

ኮዱ በተሳሳተ ጊዜ የሚጎዳው ስታቲስቲኩ ብቻ አይደለም። ከቱቦ የመጣው ጥበት የልደት ተብሎ ከተቈጠረ፣ የቱቦው መጠንና የቈይታው ጊዜ በዋርዱ ውስጥ ሳይመረመር ይቀራል፤ ቀጣዩም ሕፃን በዚያው መንገድ ይቈስላል። የልደቱ የቱቦ ነው ከተባለ ደግሞ ነርሶቹና ሐኪሞቹ ባልሠሩት ጥፋት ይወቀሳሉ፤ ሌላ የልደት ጉድለት ይኖረው እንደ ሆነም ሕፃኑን የሚፈትሸው አይኖርም።

ቍጥር ሁሉንም አይሸከምም። በማንቁርትና በጉሮሮ ቧንቧ መካከል የሚገኘውን ስንጥቅ ቤንጃሚንና ኢንግሊስ እ.ኤ.አ. በ1989 በአራት ደረጃ ከፍለውታል፤ የመጀመሪያው ሲጠቡ ትን ከማለት ላያልፍ ይችላል፤ አራተኛው እስከ ደረት ወርዶ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ሁለቱም በ31.8 ሥር ይገባሉ። ደረጃው በቃል ካልተጻፈ ከኮዱ መልሶ የሚያገኘው የለም። በድምፅ አውታሮቹ የፊት ክፍል ያለው ስስ ሽፋንም በስሙ ሊጻፍ ይገባዋል፤ በ22ኛው ክሮሞዞም ላይ ከሚደርስ መጕደል ጋር አብሮ ሊገኝ ስለሚችል፣ ስሙን ያነበበ ሐኪም የሕፃኑን ልብ ጭምር ይመረምራል፤ «ጉድለት» የሚለውን ብቻ ያነበበ ግን ያልፈዋል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ዐሥራ አንደኛው ምደባ ኮዶችን እያጣመሩ ዝርዝር ለመግለጽ ያስችላል፤ ሆኖም የሚጣመረው ሐኪሙ የጻፈው ነው።

ካርዱ ሲጐድል ኮድ ሰጪው ከመገመት ይልቅ ለሐኪሙ ሊመልሰው ይገባል፤ አጠያየቁ ግን ጥንቃቄ ይሻል። «ጥበቱ የልደት ነው አይደል?» ብሎ መጠየቅ መልሱን አስቀድሞ በሐኪሙ አፍ ማስቀመጥ ነው። «የጥበቱ መነሻ ምንድን ነው? ቱቦ ገብቶ ያውቃልን? መቼ፣ ስንት ቍጥር፣ ስንት ቀን?» ተብሎ ቢጠየቅ ይሻላል። ሐኪሙ ከመረመረ በኋላ «መነሻው አልታወቀም» ብሎ ቢመልስ፣ ያም ሙሉ መልስ ነው፤ የሚሰጠውም ቍጥር ኪው 31.1 ሳይሆን ጄ 38.6 ይሆናል።